አገር ሰጥተናል፤ መልሱ የታለ?

አርባ ምንጭ ውስጥ አንድን መጽሐፍ አንድ ሰው ብቻ አያነበውም። አንዱ ሲቀላ ላይ ይገዛዋል፣ ሌላው ሴቻ ላይ ይዋሰዋል፣ ዩኒቨርሲቲው ኩልፎ ግቢ ሲደርስ ሽፋኑ የለም። የምሥጢር ልብ ወለድ ከሆነ ደግሞ ወረፋ አለው፤ ወረፋ የያዘ ሰው መጨረሻውን እንዳይነግሩት ያነበቡትን ሁሉ እየሸሸ ይከርማል። ስለዚህ አንድ የተወደደ ተከታታይ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ክፍሉ ፊቱን ሲያጠቁር ዶርሙ በሙሉ ይከራከራል። «ደራሲው በሰለ» የሚል አለ። «ደራሲው ከዳን» የሚል አለ። ሦስተኛው ምንም ሳይናገር መጽሐፉን ከግማሹ አጥፎ ለቀጣዩ ባለወረፋ ያስረክባል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ዝም ያለው ነው።

ምኑን ነው የጠላው? ጨለማውን? እንዲህ ቢባል ለደራሲው ይመቸዋል፤ «አንባቢው ሆዱ ባባ» ብሎ ያልፋላ። ግን የእኛ አንባቢ መቼ ነው ከጨለማ ሸሽቶ የሚያውቀው? ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. አሳተሙ፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ስንቱ ቤት አለቀሰ። አልቅሶ «ተታለልኩ» ያለ አንባቢ ግን ማን ነው? ርዕሱ ላይ መቃብር ተጽፏል። ሐዲስ ከመጀመሪያው ቀን የነገሩንን በመጨረሻው ገጽ ፈጸሙት።

የምሥጢር ታሪክ ውሉ ሌላ ነው፤ ውሉንም ማንበብ ከመጀመራችን በፊት በልጅነታችን ተምረነዋል። «እንቆቅልህ?» «ምን አውቅልህ?» ጠያቂው ይጠይቃል፣ ተጠያቂው ይሞክራል፣ ሲያቅተው «አገር ስጠኝ» ይባላል። ጨንቻን ይሰጣል፣ አልበቃ ካለም ጎንደርን ይጨምራል። አገሩን የወሰደ ልጅ ታዲያ ግዴታ አለበት፦ መልሱን መናገር። አገር ወስዶ መልሱን የደበቀ ልጅ ከጨዋታው ይባረራል። ልብ ወለዱስ ከዚህ በምን ይለያል? ደራሲው በመጀመሪያው ክፍል «ማን ገደለው?» ይለናል። እኛ ገንዘባችንን፣ ሌሊታችንን፣ ከዚያም ሁለት ዓመት ሙሉ ቀጣዩን ክፍል መጠበቅን እንሰጣለን። ይህ አገር ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ታዲያ ሦስተኛው ክፍል ላይ ሬሳው ሲበዛ፣ መርማሪው ሲሰክር፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ግን ተረስቶ ሲቀር አንባቢው ቢቆጣ ስለ ምን ፈሪ ይባላል?

ጨለማ ሁሉ አንድ አይደለም። ኩልፎ በዝናብ ወራት ደፍርሶ ሲወርድ የሲቀላ ሰው ወንዙን አይወቅስም፤ ላይ ደጋው ዘንቧል ይላል፤ አፈሩ ከየት እንደመጣ ያውቃል። በተከታታዩ ላይስ ምን ዘነበበት? ይህን ጥያቄ የሚመልስ ደራሲ የቱንም ያህል ቢያጠቁር አንባቢ ይከተለዋል። ስዊድናዊዎቹ ጥንዶች ማይ ሾቫልና ፔር ቫሉ ከ1965 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ስለ መርማሪው ማርቲን ቤክ አሥር መጻሕፍት ጻፉ። ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ድባቡ እየከበደ ሄደ፤ ፖሊሱም መንግሥቱም እየተወቀሱ መጡ። አንዳንዱ አንባቢ «ፖለቲካ በዛ» ብሎ አጉረመረመ። ዝናቡ ግን ይታይ ነበር፤ ደጋው የራሳቸው አገር ነው። መርማሪውም ድካሙን ተሸክሞ ሥራውን ይሠራል፤ ወንጀሉ የማን እንደሆነ እናውቃለን።

ኮናን ዶይልን እንመልከት። በታኅሣሥ 1893 እ.ኤ.አ. ሼርሎክ ሆልምስን ገደል ከተተው። ታሪኩን ያወጣው ስትራንድ መጽሔት ከሃያ ሺህ በላይ ደንበኞች እንዳጣ ይነገራል። ይህ ታሪክ ዘወትር የሚጠቀሰው ለመሳቅ ነው፦ «እንግሊዞች ለሌለ ሰው አለቀሱ!» እኔ ግን አንድ የማይጠየቅ ጥያቄ አለኝ። ሆልምስን ይዞት ገደል የገባው ፕሮፌሰር ሞሪያርቲ ከዚያ ታሪክ በፊት በወጡት ታሪኮች ውስጥ የት ነበር? የትም። ጀግናውን ለማጥፋት ሲባል በዚያው ታሪክ ውስጥ ተፈጠረ። ዶይል ሆልምስ ሰልችቶት ነበር፤ ታሪካዊ ልብ ወለድ መጻፍ ፈለገ። ታዲያ ደንበኞቹ የተቆጡት በሞቱ ነው ወይስ ደራሲው የራሱን መሰልቸት የታሪኩ ዕጣ ፈንታ አስመስሎ ስለሸጠላቸው? በ1903 እ.ኤ.አ. ሆልምስን መልሶ ሲያመጣው ማን እንዳሸነፈ ታወቀ።

አጋታ ክሪስቲስ? የፈጠረችው መርማሪ ፖይሮ የሚሞትበትን «መጋረጃ» የተባለውን መጽሐፍ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጽፋ ቆለፈችበት፤ የወጣው በ1975 እ.ኤ.አ. ነው። ኒውዮርክ ታይምስ በዚያው ዓመት ነሐሴ 6 ቀን (እ.ኤ.አ.) ለፖይሮ በፊት ገጹ የሞት ዜና ሠራለት፤ ለሌለ ሰው። መጽሐፉ ከፖይሮ ታሪኮች ሁሉ የጠቆረ ነው፤ ሰውየው በሕይወቱ ሙሉ ያመነበትን ነገር ራሱ ላይ ያዞርበታል። ምን እንዳደረገ አልናገርም፤ ወረፋ የያዘ ይኖራል። የምናገረው ይህን ብቻ ነው፦ ፖይሮ ከሞተ በኋላ እንኳ መልሱን ያደርስልናል። ሴትዮዋ አገር ወስዳ አልጠፋችም።

ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ የምሥጢር መጽሐፍ ጥማታችን አዲስ አይደለም። በማሞ ውድነህ የስለላ ትርጉሞች፣ በይልማ ሀብተየስ የወንጀል ምርመራ ታሪኮች ያደገ ትውልድ አለ። የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» በ2001 ዓ.ም. ሲወጣ መጽሐፍ ይዞ የማያውቅ ወጣት መጽሐፍ ያዘ፤ «ራማቶሓራ» እና «ዣንቶዣራ» ተከተሉ። በመጀመሪያው ተስማምተው በተከታዮቹ ላይ የተጣሉ ጓደኛሞችን ያላየ አንባቢ ካለ እጁን ያውጣ። ይስማዕከን ለብቻው ችሎት ላይ ማቆም ግን አልፈልግም፤ የሺዎችን እጅ ከስልክ አላቅቆ ገጽ ያስገለጠ ሰው ነው። ጥያቄዎቼ ከእሱ በኋላ ለተከታታይ ታሪክ ብዕር ላነሱ ሁሉ ናቸው።

የሬሳ ቁጥር መጨመር ጥልቀት መሆኑን ማን ነገራችሁ? መርማሪው እንዲያዝን ባስፈለገ ቁጥር የምትገደለው ስለ ምን ሚስቱ ወይም እጮኛው ብቻ ናት? በመጀመሪያው ክፍል የጣላችሁት ፍንጭ፣ ያ ቁልፍ፣ ያ ደብዳቤ፣ የት ደረሰ? ወይስ እናንተም ረስታችሁታል? ግርፋቱን በስድስት ገጽ ስትተርኩ ምርመራውን በሁለት መስመር የምታልፉት ግርፋት ማሰብ ስለማይጠይቅ ይሆን? ሦስተኛው ክፍል ያስፈለገው ታሪኩ ስላላለቀ ነው ወይስ ሁለተኛው ስለተሸጠ? አሳታሚዎችስ፣ የወረቀት ዋጋ ሰማይ መንካቱን እናውቃለን፤ አንዱን ታሪክ ለሦስት ቆርጣችሁ ስትሸጡ ግን ሽፋኑ ላይ «ይቀጥላል» ብላችሁ ለመጻፍ ምን አሳፈራችሁ?

አንባቢም አያመልጥም። «እኔ የማነበው ለመዝናናት ነው» የምትል ወዳጄ፣ በመጀመሪያው ክፍል ሰው ሲታረድ ተዝናንተህ የለ? ያኔ ሟቹ የማታውቀው ሰው ስለነበር ነው ያልከበደህ? ደራሲው በሁለተኛው ክፍል የምታውቀውን ሰው ሲገድልብህ ሞት ምን እንደሚመዝን እያሳየህ ቢሆንስ? ለዚህ እንኳ ልትታገሠው አትችልም?

ይህን ብዬም ለአንባቢው አደላለሁ። ከተሜ ሐያሲዎች መፍትሔ ያለው ታሪክ የሕፃን ነው፣ እውነተኛው ሕይወት መልስ የለውም ሲሉ እሰማለሁ። ለማን ነው የሚነግሩት? በዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር»ን በ1962 ዓ.ም. ካወጣ በኋላ ብዕሩ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ከበደ፤ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» ላይ ደረሰ። አሥመራ፣ የቀይ ኮከብ ዘመቻ፣ ስለላ፣ ፊያሜታ፤ ከፊሉ የስለላ ታሪክ፣ ከፊሉ የምስክር ቃል። መንግሥት መጽሐፉን ከገበያ ሰበሰበው፣ በዓሉም ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪነቱ ተነሣ። አንባቢው ግን «ጨለመብኝ» አላለም፤ ተደብቆ እየተቀባበለ አነበበው። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ደራሲው ራሱ ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። ማን ወሰደው? የት አደረሰው? ለዚህ ጥያቄ የትኛውም ችሎት ለአንባቢው መልስ አልሰጠውም። እንዲህ ያለ አገር ውስጥ የሚኖር ሰው፣ ቢያንስ በልብ ወለድ ውስጥ ገዳዩ በስሙ ይጠራልኝ ሲል ሕፃንነት ነው? እኔ የፍትሕ ጥያቄ እለዋለሁ።

እዚህ ጋሞ ምድር ይህን ለማስረዳት ብዙ አይደከምም። በጋሞ ባህል ጎሜ የሚባል ነገር አለ፤ የተጣሰ ሕግ፣ የተደበቀ ጥፋት ነው። በሽታ ወይም መከራ ቤት ሲገባ ሽማግሌዎች ወደኋላ ሄደው ይጠይቃሉ፦ ማን ምን አጠፋ? ማን ምን ደበቀ? ነገሩ ተገልጦ በሰው ፊት እስኪነገር ዕረፍት የለም፤ ነገር የሚታይበት ዱቡሻ የሚባል አደባባይም አለ። የመርማሪ ታሪክ አጥንቱ ይህ አይደለምን? ሬሳ፣ ጥያቄ፣ የተደበቀ ነገር፣ መገለጥ። ጎሜ የሚያወራው ስለ ሞትና ስለ እርግማን ነው፣ ጨለማው አያንስም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩ ላይ የጋሞ ተወላጆች መገደላቸው ከተሰማ በኋላ በአርባ ምንጭ ወጣቶች ለበቀል ሲነሡ ለምለም ሳር ይዘው የተንበረከኩት የጋሞ አባቶች ጨለማውን አልካዱም፤ ፊቱ ሄደው ተንበረከኩ። ጨለማ ማሳየትን ብስለት ብሎ የሚቆጥር ደራሲ ከእነዚህ አባቶች ፊት ምን ይዞ ይቀርባል?

«ታዲያ ክፍት መጨረሻ ክልክል ነው?» ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። በአባያና በጫሞ መካከል ባለው በነጭ ሳር ሜዳ እ.ኤ.አ. በ1990 ከካምብሪጅ የመጡ ተመራማሪዎች መንገድ ላይ አንዲት የሞተች ወፍ አገኙ። ከወፏ ያቆዩት አንድ ክንፍ ብቻ ነበር፤ በዚያ ክንፍ መነሻነት በ1995 እ.ኤ.አ. አዲስ ዝርያ ተብላ ተመዘገበች፣ የሳይንስ ስሟም «ክንፍ ብቻ» የሚል ትርጉም አለው። ተመራማሪዎቹ በሕይወት ያላዩትን ወፍ ሙሉ አድርገው አልሳሉም፤ በእጃችን ያለው ክንፍ ነው አሉ። ደራሲም እንዲህ ማድረግ ይችላል፦ «እኔም ገዳዩን አላውቅም፣ ያለኝ ይህ ብቻ ነው» ብሎ ከመጀመሪያው ክፍል ያሳውቀን፤ አብረነው እንፈልጋለን። የማይፈቀደው፣ የሚያውቅ እያስመሰለ ሦስት መጽሐፍ ሸጦ መጨረሻ ላይ ጭጋጉን ፍልስፍና ብሎ መጥራት ነው።

ስለዚህ ተከታዩን ክፍል ጠረጴዛችሁ ላይ ያስቀመጣችሁ ደራስያን፣ ወደ ማተሚያ ቤት ከመላካችሁ በፊት የመጀመሪያውን ክፍል እንደገና አንብቡት። እዚያ የጠየቃችሁትን እያንዳንዱን ጥያቄ በወረቀት ጻፉ፤ ያልመለሳችሁት ካለ መልሱት፣ አልመልስም ካላችሁም በግልጽ ንገሩን። ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን ያህል አጨልሙት፤ እናነባለን።