የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ፡ ይነቀል ወይስ ይቆይ?



ብዙውን ጊዜ ከ17 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ የሚበቅለውን የመጨረሻ መንጋጋ ጥርስ ዐረቦች «የዐቅል ጥርስ» ይሉታል። ሰው አእምሮው ሲበስል ስለሚወጣ ነው። ቦታ ካጣ ግን አጋድሎ ወይም ተኝቶ ድድና አጥንት ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። እንዲህ ያለው ጥርስ በቀዶ ሕክምና ይውጣ ወይስ ይተው?

በእኔ አስተያየት ምንም ያልታመመን ጥርስ «ለማንኛውም» ብሎ ማስወጣት ተገቢ አይደለም። በአሜሪካ ብዙ ወጣቶች አራቱንም ያስነቅላሉ። ናይስ የተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ግን በ2000 እ.ኤ.አ. በሽታ የሌለበት የተቀበረ ጥርስ ለጥንቃቄ ብቻ ተብሎ እንዳይነቀል መክሯል። የፊት ጥርሶችን ገፍቶ ያጣምማል የሚባለውም በጥናት አልተረጋገጠም። ቀዶ ሕክምናውም ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። በታችኛው ጥርስ ሥር አጠገብ የሚያልፈው ነርቭ ከተነካ ከንፈርና አገጭ ይደነዝዛሉ። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይመለሳል፤ በጥቂት ሰዎች ላይ ግን እንደደነዘዘ ይቀራል።

በእኛ ዘንድ የሚያሳስበኝ ግን ሌላው ነው። ድዱ ባበጠ ቁጥር ከፋርማሲ አሞክሲሲሊን ገዝቶ መዋጥ! መድኃኒቱ እብጠቱን ለጊዜው ሊያበርደው ይችላል እንጂ ጥርሱን ከሸፈነው ድድ ሥር ምግብ የሚሸጎጥበትን ኪስ አይዘጋውም። ስለዚህ ሕመሙ ተመልሶ ይመጣል። አስፕሪን ድድ ላይ ማስቀመጥማ ድዱን ከማቃጠል በቀር ጥቅም የለውም። ደጋግሞ የሚያመረቅዝ፣ ሊሞላ በማይችል መጠን የተቦረቦረ፣ አጠገቡ ያለውን ደህና ጥርስ የሚያበላሽ፣ ወይም በዙሪያው ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት ያበጀ ጥርስ ቢወጣ ይሻላል። በዚህ ጊዜ ማዘግየት አይጠቅምም፤ ዕድሜ ሲገፋ ሥራው ይከብዳል፣ ቁስሉም ለመዳን ይዘገያል።

«ይነቀል» ከተባሉ ሐኪሙን ይጠይቁ። በራጁ ምን ታየ? ሥሩ ለነርቩ ምን ያህል ቀርቧል? ባይነቀልስ ምን ይመጣል? ጥሩ ሐኪም በጥያቄ አይቆጣም። «ይቆይ» ከተባለም በየጊዜው መታየት አለበት። አፍ መክፈት፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ፣ ወይም እብጠቱ ወደ አንገት ከወረደ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይሂዱ።

የማያጣድፍ ከሆነ ከረመዷን በፊት ወይም በኋላ ቢደረግ መልካም ነው፤ በቀን ውስጥ የሚወሰድ መድኃኒት ይኖራልና። ጥርሱ በወጣበት ቦታ የረጋው ደም እንዳይነሣ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት አፍን አጥብቆ መጉመጥመጥ አይገባም። በውዱእ ጊዜ እንዴት እንደሚያደርጉ አስቀድመው ዐሊም ይጠይቁ። የጫት ወዳጆችም ቁስሉ እስኪጠግግ ይታገሡ፤ ሲጋራውማ በዚያው ቢቀር እንዴት በተወደደ!