የደባርቅ ቱሪዝም በመኪና ብዛት ወይስ በአዳር ይለካ?

ከጎንደር ማለዳ የተነሣ መኪና 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ደባርቅ ይደርሳል። በፓርኩ ጽሕፈት ቤት የመግቢያ ክፍያ ይከፈላል፤ መሣሪያ የታጠቀ ስካውት ይሳፈራል፤ መኪናው በጠጠሩ መንገድ ወደ ቡይት ራስ ይወጣል። እዚያ ጭላዳዎች ሣር ሲነጩ ፎቶግራፍ ይነሣል። ጊዜ ከተረፈ ጉዞው ወደ ሳንቃበር ይቀጥልና የጅንባር ፏፏቴ ከገደሉ ማዶ ይታያል። ከቀትር በኋላ መኪናው ይመለሳል፤ ጎብኚዎቹ እራታቸውን የሚበሉት ጎንደር ነው። ደባርቅ ከዚህ ቀን ያገኘችው የስካውቱን የቀን አበል፣ ምናልባትም የአንድ አስጎብኚ ክፍያና የጥቂት ስኒ ቡና ዋጋ ነው። በዓመታዊው የጎብኚዎች ቁጥር ውስጥ ግን ይህ መንገደኛ አራት ቀን በእግሩ ከተጓዘው እኩል አንድ ሰው ሆኖ ይቆጠራል።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አጭር ነው። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክና የደባርቅ ከተማ የጋራ ጥቅም የሚለካው በገባው ጎብኚ ወይም በወጣው መኪና ቁጥር ሳይሆን በአዳር ነው። ከዚህም የሚከተል ነገር አለ፤ በመኪና መጓዝን ለሚወዱ የሚስማማው መንገድ ከፓርኩ ውጭ ያለው ሊማሊሞ ሲሆን፣ በፓርኩ ውስጥ የሚያልፈው መንገድ ደግሞ ለአንድ ቀን ጉብኝት የሚመጡ የግል መኪናዎች መመላለሻ መሆኑ ሊገደብ ይገባል።

በእግር የሚጓዘውን ጎብኚ እንመልከት። ከሳንቃበር 3,250 ሜትር ከፍታ ተነሥቶ በግጭ በኩል እሜት ጎጎ ላይ 3,926 ሜትር ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ጨነቅ ይወርዳል። ለዚህ ጉዞ ስካውት ብቻ አይበቃውም። ድንኳኑንና ስንቁን የሚጭን በቅሎ፣ በቅሎዋን የሚነዳ ሰው፣ ምግብ አብሳይና መንገድ መሪ ያስፈልገዋል። ሽንኩርቱ፣ ዱቄቱና ነጭ ጋዙ ከደባርቅ ገበያ ይገዛል። የሚያየውም ይለያል። ጭላዳዎች በገደሉ ከንፈር ላይ አድረው ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሣሩ ሜዳ ሲወጡ የሚያያቸው በተራራው ያደረ ሰው ነው። ዋልያም ቢሆን በጨነቅ አካባቢ ማለዳ ቀድሞ ለተገኘ ዓይን የተሻለ ዕድል ይሰጣል። ጅብራው ከጓሳው መካከል ቀጥ ብሎ የቆመበትን ከፍታ የአንድ ቀን መንገደኛ እምብዛም አይደርስበትም። (በራስ ደጀን ቁመት ላይ የሚደረገውን ክርክር እዚህ ላይ ማንሣት ይቻላል። የቆዩ የትምህርት መጻሕፍት 4,620 ሜትር ሲሉ የኋላ ልኬቶች ወደ 4,533 ዝቅ አድርገውታል። ቁጥሩ ያከራክራል እንጂ ተራራው ከቧሂትና ከመሸሃ ሸለቆ ማዶ ስለሆነ በማለዳ ከጎንደር የተነሣ መኪና በዚያው ቀን አይደርስበትም።)

በፓርኩ ውስጥ የሚያልፈው መንገድ የቱሪዝም ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ስሜን እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ስፍራዎች አንዱ ነው፤ ላሊበላም በዚያው ዓመት ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ1996 ግን ፓርኩ አደጋ ካንዣበባቸው ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ የዋልያ ቁጥር መመናመን፣ የእርሻና የሰፈራ መስፋፋት፣ መንገዱም ጭምር በምክንያትነት ተነሡ። ከዚያ መዝገብ የወጣው ከ21 ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። በውሳኔው ጊዜ በበጎ ከተጠቀሱት እርምጃዎች መካከል ፓርኩን የሚያቋርጠውን ትራፊክ ለመቀነስ የተሠራው አማራጭ መንገድ፣ የልቅ ግጦሽ መቀነስና የጎብኚ ጫና ቁጥጥር ይገኙበታል። እንግዲህ የጭነትና የሕዝብ ማመላለሻ መኪና ከፓርኩ እንዲወጣ ይህን ያህል ከተለፋ በኋላ ክፍተቱን በጎብኚ መኪና መሙላት ከተደከመበት ዓላማ ጋር አይጣጣምም።

ሊማሊሞ ከዚህ ፍጹም የተለየ ጠባይ አለው። ከደባርቅ በስተሰሜን ደጋው በድንገት ይቆረጥና፣ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የሠሩት ጥምዝምዝ መንገድ በገደሉ ወገብ ላይ እየዞረ ወደ ዛሪማ ይወርዳል። ከ1,000 ሜትር በላይ በሆነው በዚህ ቁልቁለት መንገደኛው በአንድ ጉዞ ከገብስ አገር ወደ ማሽላ አገር ይሸጋገራል፤ ካባውን ለብሶ ተነሥቶ ካባውን ያወልቃል። የመልክዓ ምድር ተማሪ የአየር ንብረትና የዕፀዋት ለውጥን በከፍታ ልዩነት ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ቦታ በቀላሉ አያገኝም። መንገዱ አስቀድሞ የመኪና መንገድ ነው፤ ጎብኚ ቢጨመርበት የዋልያ መሰማሪያ አይነካም። የሚያስፈልገው መኪና ያለ ስጋት የሚቆምበት ሰፊ ዳር፣ የገደል መከለያ፣ መጸዳጃና የአካባቢው ወጣቶች ቡና የሚያፈሉበት ዳስ ነው። ይህ ከሌላው የፓርክ መሠረተ ልማት ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ሥራ ነው፤ ምናልባትም ችላ የተባለው ርካሽ በመሆኑ ይሆናል።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚቀርቡት ተቃውሞዎች ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው የጃናሞራ ነዋሪ ጥያቄ ነው። ለእርሱ መንገድ ማለት ምጥ የያዛትን ሴት ሐኪም ዘንድ ማድረስ፣ እህልን ገበያ ማውጣት ነው፤ መልክዓ ምድር ማየት አይደለም። ስለዚህ እዚህ የቀረበው ገደብ ነዋሪውን፣ አምቡላንሱንና የእህል ጭነቱን ከቶ ሊመለከት አይገባም። የነዋሪውን መንገድ የሚያጠብ ማንኛውም የጥበቃ ሐሳብ ፍትሕ የጎደለው ነው፤ ከፍትሕም አልፎ ነዋሪው ያልተቀበለው ጥበቃ በሥራ ላይ አይጸናም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ያስቸግራል። በተራራ ላይ ሦስትና አራት ሌሊት ማደር የሚችለው ባብዛኛው አቅምና ጊዜ ያለው የውጭ አገር ሰው ነው። የኢትዮጵያ ተማሪ፣ መምህር ወይም በዓል ሊያሳልፍ የመጣ ቤተሰብ የሚችለው የአንድ ቀን ጉዞ ነው። አረጋዊና አካል ጉዳተኛም በእግር አይወጡም። አዳርን መለኪያ ማድረግ እነዚህን በር ላይ የሚያስቀር ከሆነ ተራራውን የባለጸጋ እንግዳ ርስት ማድረግ ይሆናል። መልሱ ከደባርቅ እስከ ሳንቃበር በተወሰነ ሰዓት የሚመላለስ የጋራ አውቶቡስ ሊሆን ይችላል። አንድ አውቶቡስ በብዙ መኪና የሚጓዘውን ሰው ይይዛል፤ ሾፌሩና ትኬት ቆራጩ የደባርቅ ሰዎች ይሆናሉ፤ አቅመ ደካማውም ገደሉን ያያል። ከሁሉ በላይ፣ የአውቶቡሱ የመጀመሪያ ጉዞ ማለዳ እንዲሆን ከተደረገ ከጎንደር የሚመጣው ሰው ዋዜማውን ደባርቅ ለማደር ምክንያት ያገኛል። ለአገር ውስጥ ጎብኚ ከተማ ውስጥ የምታልፍ አንዲት ሌሊት ከድንኳን ይልቅ የምትቻል ናት፤ አዳርም ሲባል በተራራው ብቻ ሳይሆን በከተማዋ ማደርንም ይጨምራል።

ይህ ሁሉ ለምን ያስጨንቃል ቢባል፣ የግጭን ሕዝብ ማስታወስ ይገባል። ከ400 በላይ አባወራዎች በፓርኩ እምብርት ከነበረው መንደራቸው ተነሥተው እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ ሰፍረዋል። ገብስ እየዘሩ፣ ከብት እያረቡ፣ በቅሎ እያከራዩ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ ለመውጣቱ የከፈሉት ዋጋ ከማንም ይበልጣል። ጎብኚው በመኪና ገብቶ በመኪና ሲወጣ የእነርሱ በቅሎ አትጫንም። በዚህ ላይ ወረርሽኙና ከእርሱ ተከትሎ የመጣው ጦርነት የጎብኚውን ፍሰት እንዳደረቀው ይታወቃል። ሰላም ተመልሶ እንግዳ ሲመጣ በየትኛው መንገድ ይስተናገድ የሚለው ጥያቄ መልስ ማግኘት ያለበት መኪናው ከመምጣቱ በፊት ነው።

የተመራማሪው ድርሻ እዚህ ላይ ነው። የጎብኚን እርካታ በመጠይቅ መለካት ቀላል ስለሆነ ይመረጣል፤ የበቅሎ ነጂውን ዓመታዊ ገቢ መከታተል ግን ወራትን ይጠይቃል። አስቸጋሪው ጥናት የሚገልጠው ነገር አለ። ዝናቡ አቁሞ ፏፏቴው ሞልቶ፣ ሰማዩ ጠርቶ ጎብኚ የሚበዛበት ወቅት ገብስ ከሚታጨድበትና ከሚወቃበት ወቅት ጋር ይገናኛል። ነዶ የምትጭነውና ድንኳን የምትጭነው አንዲት በቅሎ ናት። ስለዚህ አንድ የአዳር ጎብኚ ለአንድ ቤተሰብ ያስገኘው ገቢ ከመኸር ሥራው የቀነሰበትን ጉልበት ታስቦ መታየት አለበት። ይህ ስሌት ካልተሠራ በዚህ ጽሑፍ የቀረበው የአዳር መለኪያም ቢሆን ገቢውን አግንኖ ወጪውን ሊደብቅ ይችላል።

አውቶቡሱን ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር ለአንድ ወቅት መሞከር ይቻላል። በእነዚያ ወራት የበቅሎ ባለቤቶች ተራ በየስንት ቀኑ እንደደረሰ፣ በደባርቅ ስንት አልጋ እንደተያዘና ስንት የግል መኪና ሳንቃበርን እንዳለፈ በየዕለቱ ይመዝገብ። በቀጣዩ ዓመት በዚያው ወቅት አውቶቡስ ሳይኖር ይኸው ምዝገባ ይደገምና ሁለቱ መዝገቦች ጎን ለጎን ይቀመጡ።