የእንቆቆው ዱቄትና የሐኪሙ ክኒን

ከአገር ቤት በሚመጣ ሻንጣ ውስጥ፣ ከበርበሬውና ከሽሮው ጎን፣ አንዳንዴ እንቆቆ ይገኛል። ጥሬ ሥጋ ለሚወድ ሕዝብ ይህ ፍሬ የታወቀ የኮሶ ትል መድኃኒት ነው፤ ደርቆና ተወቅጦ በባዶ ሆድ ይጠጣል።

አበው በከንቱ አልተማመኑበትም። ፍሬው ኤምቤሊን የተባለ ብርቱካናማ ንጥረ ነገር አለው። ይኸው ንጥረ ነገር በላቦራቶሪ ቁስል የሚያመግለውን ስታፊሎኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ሲያጠቃ ታይቷል። ነገር ግን በብርጭቆ ሳህን ላይ የሞተ ባክቴሪያ በሰው ገላ ውስጥም ይሞታል ማለት አይደለም። የኤምቤሊኑ መጠን ከፍሬ ፍሬ ስለሚለያይ፣ በእፍኝ ሲለካ ለአንዱ ያንሳል፣ ሌላውን ይጎዳል። ነፍሰ ጡርማ ጨርሶ ልትነካው አይገባም።

ስለዚህ በእንቆቆ ተማምኖ ሐኪም ያዘዘውን አንቲባዮቲክ ማቋረጥ አደጋ አለው። ለኮሶ ትሉም ቢሆን ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ መጠን ይበቃል። እንቆቆ የጠጣ ሰው ሐኪሙ ዘንድ ሲቀርብ ሳያፍር ይንገር።

ከሁሉ የሚቀለው ግን መከላከሉ ነው። የትሉ እጭ የሚገባው ከጥሬ የበሬ ሥጋ ጋር ነው፤ በደንብ ሲበስል ይሞታል። ውድ አንባቢያን፣ ክትፎ ስታዙ «ለብለብ» አይበቃምና «የበሰለ» በሉ።