ሥዕልና ተመልካቹ

በዛሬው ገጻችን የምንነጋገረው ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል፣ ይልቁንም ስለ ተመልካቹ ነው።

የጥንቱ ሠዓሊ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ የቅዱሳንን መልክ ሲሥል ሥራውን ማን እንደሚያየው ያውቅ ነበር። ፊደል ያልቈጠረው ገበሬ፣ ልጅዋን ያዘለችው እናት፣ ለማስቀደስ የመጣው ሕፃን ተመልካቾቹ ነበሩ። ስለዚህ የጻድቁን ፊት በሁለት ዐይን፣ የከሓዲውን ግን በጎኑ አዙሮ በአንድ ዐይን ብቻ ያሳይ ነበር። ይህን ምልክት የተማረ ሕፃን መጽሐፍ ሳይገልጥ ደጉን ከክፉው ይለያል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም በ15ኛው መቶ ዓመት ተአምረ ማርያም ሲነበብ የእመቤታችን ሥዕል እንዲከበር ሥርዓት ሠርተዋል፤ ዐይንና ጆሮ በአንድነት ይማሩ ነበርና።

ይህ አንድነት እንደምን እንደሚለያይ ከጎንደር አንድ ምሳሌ እናቅርብ። በዚያ የሚገኘው የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን በ17ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ ገደማ በጨርቅ ላይ በተሣሉ ሥዕሎች ያጌጠ ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1932 ዓ.ም. ከዳካር ተነሥቶ ወደ ጅቡቲ ይጓዝ የነበረው፣ በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳይ የመርማሪዎች ቡድን ከሥዕሎቹ ብዙዎቹን ከነጨርቃቸው ከግድግዳው አላቅቆ ወሰደ፤ በቦታቸውም ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለው ሠዓሊ የሣላቸውን ግልባጮች ተካ። ጥንታውያኑ ሥዕሎች ዛሬ በፓሪስ ከተማ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ።

በዚያ ከዝናምና ከምስጥ ተጠብቀዋል፤ ከብዙ አገር የመጣ ሕዝብም ያያቸዋል። ታዲያ ሥዕሎቹ ተመልካች አገኙ እንበል ወይስ አጡ? የሙዚየሙ ጎብኚ ቀለሙንና ዘመኑን ይመረምራል፤ ይህም ዕውቀት መሆኑን አንክድም። የጎንደሩ ምእመን ግን ጫማውን አውልቆ በፊታቸው ይሰግድ፣ የጨነቀውንም ይነግራቸው ነበር። ሠዓሊው የደከመው ለዚህ ሰው ነበር።

ይሁን እንጂ ወቀሳውን ሁሉ በሩቅ አገር ሰው ላይ መጫን አይገባንም። ሥዕሉ በቦታው ባለበት ደብር እንኳ ቀና ብለን ሳናየው የምናልፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ልጆቻችንን በበዓል ቀን ነጭ አልብሰን እንወስዳቸዋለን፤ «ይህ ፈረሰኛ ማን ነው? ዘንዶውንስ ለምን ይወጋዋል?» ብለው ሲጠይቁን «ዝም በሉ፤ ቅዳሴ ነው» እንላቸዋለን። ተግሣጹ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ከቅዳሴ በኋላ መልሱን ሳንሰጣቸው ወደ ቤት እንቸኩላለን። በሙዚየም ያለ ሥዕል በአጠገቡ የተጻፈ መግለጫ አለው፤ በደብራችን ያለው ሥዕል ግን ከእኛ በቀር ለልጆቻችን የሚተርክለት የለውም።

እንግዲህ በሚመጣው በዓል ካህኑ ካሰናበቱን በኋላ ጥቂት እንቈይ። የልጃችንን እጅ ይዘን ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው እንዙር፤ የምናውቀውን እንንገረው፤ የማናውቀውን ከልጃችን ጋር ሆነን መሪጌታውን እንጠይቅ። ባለማወቃችን ማፈር አይገባንም፤ ልጁ አባቱ ሲጠይቅ ማየቱ ራሱ ትምህርት ነውና።

የአባቶቻችን አምላክ የሚያይ ዐይንና የሚያስተውል ልቡና ይስጠን፤ አሜን።