አራተኛ ፎቅ የቀሩ እናቶች

ሰው ወደ ጂም የሚመጣው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሠርጉ ሦስት ወር ሲቀረውና ሐኪም ሲያስፈራራው። የመጀመሪያው ከሠርጉ ማግስት ይጠፋል። ሁለተኛው ስኳሩ ወይም ደም ግፊቱ ረገብ እስኪል ይቆያል። ጀሞና ለቡ አካባቢ በግል አሰልጣኝነት ስሠራ እነዚህን ሁለቱን ሳስተናግድ ኖሬያለሁ። እንጀራዬ ከእነሱ ነው፣ አላማርርም። ዛሬ መጻፍ የፈለግኩት ግን ጂም ስለማይመጡት ሰዎች ነው። እነሱ ቢፈልጉም አይመጡም፤ ከቤታቸው መውረድ አቅቷቸዋል።

ጀሞን፣ ጎፋን፣ መካኒሳን የምታውቁ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ታውቁታላችሁ። አብዛኛው ብሎክ ምድር ቤቱን ጨምሮ አምስት ወለል ነው፤ ሊፍት የለውም። ዕጣው ደግሞ የሰጠን ቤቱን ብቻ ሳይሆን ፎቁንም ጭምር ነው። ያኔ በአርባዎቹ መጨረሻ ላይ ሆና «አራተኛ ፎቅ ደረሰኝ፤ ነፋሻ ነው፣ አቧራም የለው» ብላ እልል ያለች ሴት ዛሬ ስድሳዎቹን አጋምሳለች። ደረጃው ግን ያው ነው። እስከ ላይ ሰባ ገደማ እርከን፣ መብራት ሲጠፋ ድቅድቅ ጨለማ፣ አንዳንዱ ብሎክ ላይማ የመደገፊያው ብረት ተነቅሏል።

ነገሩ በአንድ ቀን አይመጣም። መጀመሪያ የሚቀረው ገበያ ነው፤ ልጆች ያመጣሉ። ቀጥሎ እድር ይቀራል፤ ሰው ይወከላል። ከዚያ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ በሬዲዮና በስልክ ይሆናል። መጨረሻ ላይ ለቅሶ ይቀራል። ለቅሶ መድረስ ያቃተው ሰው በእኛ አገር ምን እንደሚሰማው ለእናንተ አልነግርም።

ከሁለት ዓመት በፊት ውጭ የሚኖር ልጃቸው ደውሎልኝ ወደ አንዲት እናት ቤት ሄድኩ። ልጁ ቀደም ሲል ትሬድሚል ልኮ ነበር። ትሬድሚሉ ሳሎኑን ሞልቶ ቆሟል፤ ነጠላና ፎጣ ተሰጥቶበታል። (ይህን በስንት ቤት እንዳየሁ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ከውጭ የሚላክ ትሬድሚል በአዲስ አበባ ዋና አገልግሎቱ የልብስ ማስጫነት ነው።) እናትየው ሐኪም ቤት ካልሆነ በቀር ከወረዱ ዓመት ሊሞላቸው ነው። «ጉልበቴ ነው ልጄ» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «ደግሞ እንዳታከሳኝ! ሰው ታመመች ይለኛል» አሉ።

ሚዛን አላመጣሁም። ወንበር ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው እንዲነሱ ጠየቅኳቸው። አልቻሉም። ሁለት ትራስ ደርቤ ወንበሩን ከፍ ስናደርገው በሦስተኛው ሙከራ ተነሱ። ሥራችን ይኸው ነበር። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከፍ ካለ ወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ይዞ በእግር ጣት መቆም፣ ውሃ የሞላ ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ከማዕድ ቤት እስከ ሳሎን መውሰድ። በወሩ አንዱን ትራስ አነሳን። ቀጥሎ ሁለተኛውን። ከዚያ በሩን ከፍተን ደረጃውን አንድ ወለል ወርደን መመለስ ጀመርን። በአራተኛው ወር ታች ወርደው ምድር ቤት ጎረቤታቸው ጋ ቡና ጠጡ። ክብደታቸው? አልመዘንናቸውም፤ ቀንሶም ከሆነ ጎረቤት አላማቸውም።

የገረመኝ የፈለጉት ነገር ነው። «ምን ቢሳካልዎ ደስ ይልዎታል?» ስላቸው የሕማማት ስግደት አሉኝ። ለጤና ብሎ የሚሰግድ የለም፤ እኔም ስግደትን ስፖርት ነው አልልም። ነገር ግን መሬት ወርዶ በራስ አቅም መነሳት ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ከዚያ በኋላ በደንብ ገባኝ። ሶላት የሚሰግዱ አባት ወንበር ላይ ሆነው መስገድ ሲጀምሩ ልባቸው ውስጥ የሚጎድለውም ይኸው መሰለኝ።

አማርኛችን ይህን ነገር ቀድሞ ያወቀው ይመስለኛል። መገጣጠሚያውንም አቅሙንም «ጉልበት» ብሎ በአንድ ቃል ይጠራቸዋል። «ጉልበቴ አለቀ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ያለቀበት አጥንቱ ብቻ አይደለም፤ አጥንቱን የሚሸከመው የጭኑ ጡንቻ ነው። ጡንቻ ከሠላሳዎቹ ዕድሜ ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከ60 በኋላ ይፈጥናል። ሰው ደረጃው ያመኛል ብሎ መውረድ ሲተው ጡንቻው ይብስ ይቀንሳል፤ ያነሰው ጡንቻ ደግሞ ደረጃውን ይበልጥ ያከብደዋል።

«በዚህ ዕድሜ ምን ይለወጣል?» ለሚለኝ ሰው የምነግረው አንድ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1990 ቦስተን ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ዕድሜያቸው ከ86 እስከ 96 የሆነ 10 ሰዎች ለስምንት ሳምንት የእግር ጡንቻ ልምምድ ጀመሩ፤ ያውም ቀላል ሳይሆን ከበድ ባለ ክብደት። የጨረሱት ሰዎች የእግር ጉልበት በአማካይ 174 በመቶ ጨመረ። ሁለቱ ከዘራቸውን ተዉ። የ90 ዓመት ሰው ከዘራ ከጣለ የ63 ዓመቷን እናታችንን አራተኛ ፎቅ ላይ የምናስቀራት በምን ሂሳብ ነው?

እኔ የማምነው ችግሩ ከእኛው ፍቅር እንደሚጀምር ነው። በባህላችን ማክበር ማለት ማስቀመጥ ነው። ትልቅ ሰው ሲመጣ ወንበር እንለቃለን፣ ዕቃ ከእጁ እንቀበላለን፣ ውሃ እናቀርባለን። መልካም ነው። ግን «እማዬ አትነሺ፣ እኔ አመጣልሻለሁ» በቀን ሃያ ጊዜ ሲባል እማዬ በቀን ሃያ ጊዜ የምትነሳውን መነሳት ተቀማች ማለት ነው። አያቶቻችን በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቡና ያፈሉ ነበር። ጀበና ለመጣድ፣ ውሃ ለመቅዳት፣ እንግዳ ለመቀበል ከዚያች ዝቅ ካለች በርጩማ ስንት ጊዜ ይነሱ እንደነበር አስቡት። እኛ ደግሞ ደልቶን፣ ሰው የሚሰምጥበት ሶፋ ገዛንላቸው። ያ ኑሮ ይመለስ እያልኩ አይደለም፤ ከእንጦጦ እንጨት ያወረዱ እናቶች ወገባቸው ምን እንደሆነ ሁላችንም አይተናል። ሸክሙ መቅረቱ ደግ ነው። አብሮ የቀረው መነሳት ግን መተኪያ አላገኘም።

ከተማው ምንም አልሠራም አልልም። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ሲጀመር መኪና ተከልክሎ አስፋልት ላይ ሕፃን ከአዋቂ ሲሮጥ አይተን ተደስተናል። የኮሪደር ልማቱም በደረሰባቸው መንገዶች ሰፊ የእግረኛ መሄጃ አምጥቷል፤ ማታ ማታ ቤተሰቡን ይዞ ዱብ ዱብ የሚለው ሰው በዝቷል። በእርግጥ ከቀድሞው ጭቃና ክፍት ቱቦ ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን የእግረኛ መንገዱ የሚጀምረው ከደረጃው ሥር ነው። በእሑድ ማለዳው የማስ ስፖርት ላይ ድምፅ ማጉያው ሲጮህ ግማሹ ሰፈር ከሰገነት ሆኖ ያያል። የሯጮች አገር እንባላለን፤ በሮም የአበበን ድል፣ በሲድኒ የኃይሌን እናወራለን። አበበ ቢቂላ በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆኖ፣ በማግስቱ ዓመት እንግሊዝ ውስጥ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በቀስት ውርወራ መወዳደሩን ግን ብዙ ሰው አያነሳም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው ከ65 በላይ ለሆኑ ሰዎች ከእግር ጉዞው በተጨማሪ በሳምንት ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ሚዛን የመጠበቅና ጡንቻ የማጠንከር ልምምድ ይመክራል። እዚህ አገር ይህን ለማን ነው የምንሰጠው? ለእኔ የሚከፈለውን መክፈል የሚችል ልጅ ላለው ብቻ ነው። ጎረቤታቸው ያሉት ሌላዋ እናት፣ ልጅ ውጭ የሌላቸው፣ ዛሬም እዚያው ናቸው። ይህ ነው ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ።

ገንዘብ ብዙም አያስፈልግም። እያንዳንዱ ኮንዶሚኒየም ግቢ ኮሚናል የምንለው የጋራ መገልገያ ሕንፃ አለው፤ በግ የሚታረድበት፣ እድር የሚሰበሰብበት። ብዙ ቦታ ከሳምንቱ አብዛኛውን ተቆልፎ ነው የሚውለው፤ ያለዚያም ለመጋዘን ይከራያል። በሳምንት ሦስት ጠዋት ለአንድ አንድ ሰዓት ይከፈት። የሚያስፈልገው ወንበር ነው፤ ወንበሩን እድሩ አለው። መውረድ ለማይችሉት ደግሞ የደረጃው ማረፊያ ይበቃል፤ የአንድ ብሎክ ሦስት አራት እናቶች በራቸው ላይ ወጥተው አብረው ሊነሱ ሊቀመጡ ይችላሉ። የተነቀለው ብረት ይበየድ፤ ለደረጃው አምፖል ይግባለት። ወረዳ ላይ ያሉት የስፖርት ባለሙያዎች የወጣት ኳስ ውድድር ከሚያዘጋጁበት ጊዜ ትንሹን ለዚህ ቢሰጡ ማንም አይከፋውም።

እስከዚያው ዛሬ ማታ ቤታችሁ ልትሞክሩት የምትችሉት አለ። ክንድ የሌለው ወንበር ግድግዳ አስደግፉ፤ እናታችሁ ወይም አባታችሁ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ ቆመው እንደሚቀመጡ ቁጠሩ፤ እናንተ አጠገባቸው ቁሙ። በአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል መለኪያ ከ65 እስከ 69 ዓመት ላለች ሴት ከ11 በታች፣ ለወንድ ከ12 በታች ከሆነ የመውደቅ ስጋት አለ ማለት ነው። ደረታቸውን የሚያማቸው፣ የሚያዞራቸው፣ ግፊታቸው ያልተስተካከለ ከሆነ ቅድሚያ ሐኪም ያያቸው።

የእኛ ግቢ ኮሚቴ በመጪው ስብሰባ የኮሚናሉን ቁልፍ ጉዳይ አጀንዳ እንዲያደርገው ጠይቄያለሁ፤ ወንበሩን የማሰልፈውም፣ የማሠራውም እኔ ነኝ፣ ያለ ክፍያ። በናንተ ግቢ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ጠይቁና ጻፉልን።