ፓምፑ ቀይ ተቀብቷል፤ ውሃውስ?

ደብረ ታቦር የእሳትን ነገር ለማወቅ አስተማሪ የሚያስፈልጋት ከተማ አይደለችም። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ መቅደላ ሲነሱ ከተማዋን አቃጥለው ነው የወጡት። ከዚያ በፊት ደግሞ ከከተማዋ ጥቂት ወጣ ብላ በምትገኘው ጋፋት፣ አውሮፓውያኑ የእጅ ባለሙያዎች ከአገሬው ሠራተኛ ጋር ሆነው እሳትን በምድጃ ውስጥ አስገብተው መድፍ ያቀልጡ ነበር። ሴባስቶፖል የወጣው ከዚያ ምድጃ ነው። የዛሬው የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋምም ጋፋት የሚለውን ስም ይዟል።

ዛሬ ከዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ፎቅ ይቆማል። ምድሩ ጨርቃ ጨርቅና ፕላስቲክ መሸጫ፣ ከላዩ ባንክ፣ ከዚያ በላይ ቢሮ፣ ጫፉ ላይ አልጋ የሚከራይበት ክፍል ይሆናል። ባለሀብቱ ስለ ሴራሚኩና ስለ መስታወቱ ከተጠየቀ የመጣበትን አገር ሳይቀር ይናገራል። እሳት ቢነሳስ ተብሎ ሲጠየቅ ግን በጣቱ ወደ ደረጃው ሥር ያሳያል። እዚያ አንድ ቀይ የተቀባ ፓምፕ ተቀምጧል። ጥያቄው ተመለሰ ማለት ነው።

አልተመለሰም። ያ ፓምፕ በአብዛኛው ውሃ ወደ ጣሪያ ሮቶ ለመግፋት የተሠራ የቤት ፓምፕ ነው፤ ልዩነቱ ቀለሙ ብቻ ነው። ቀለሙን ለተቆጣጣሪው፣ ፓምፑን ለመታጠቢያ ቤቱ እንደ ማለት ነው።

ሕግ የለም ማለት አይቻልም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ፣ ሕዝብ የሚገለገልበትንና ቁመቱ ከ12 ሜትር የሚበልጠውን ሁሉ በጥብቁ ምድብ «ሐ» አስገብቶ ነበር። ባለአራት ፎቅ ሕንፃ ከዚህ አያመልጥም። ችግሩ ከወረቀቱ በኋላ ነው የሚጀምረው። የእሳት መከላከያው ንድፍ ብዙ ጊዜ ሌላ ከተማ ለተሠራ ሌላ ሕንፃ ከተነደፈው ይገለበጣል፤ የባለቤቱ ስምና የቦታው ቁጥር ይለወጣል፤ ማኅተም ያርፍበታል። ግንባታው ተጀምሮ ገንዘብ ሲያጥር ደግሞ ከሥራ ዝርዝሩ ላይ መጀመሪያ የሚሰረዘው ይኸው ነው። ሴራሚክ ተከራይ ይስባል፤ ስፕሪንክለር አይስብም።

አምስት ደቂቃ ተኩል

ስፕሪንክለር ምን እንደሆነ በሲኒማ የተማረ ሰው ብዙ ነው። ጭስ ሲታይ ጣሪያው በሙሉ ይዘንባል ብሎ ያስባል፤ ዕቃዬ በውሃ ይበላሻል ብሎም ይፈራል። እውነቱ ሌላ ነው። እያንዳንዱ የስፕሪንክለር ራስ በፈሳሽ በተሞላች ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ የተዘጋ ነው። ብልቃጧ ቀይ ከሆነች በ68 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ትፈነዳለች፤ ውሃው የሚወርደውም በዚያች ራስ ብቻ ነው። ጭስ አይከፍታትም፤ የጎረቤቷ መፈንዳትም አይከፍታትም። አሜሪካዊው ሄንሪ ፓርመሊ የመጀመሪያውን የሠራው በ1874 እ.ኤ.አ. የፒያኖ ፋብሪካውን ለማዳን ነበር፤ የነጋዴ ብልሃት ነው ማለት ይቻላል። በጊዜ ከተከፈተ አብዛኛውን እሳት አንድ ወይም ጥቂት ራስ ይገታዋል።

ሆኖም ንድፍ የሚሠራው ለክፉ ቀን ነው። የአሜሪካ የእሳት መከላከያ ማኅበር ደረጃ ለመካከለኛ አደጋ የመጀመሪያ መደብ በየካሬ ሜትሩ በደቂቃ 6 ሊትር ያህል ውሃ፣ በ139 ካሬ ሜትር ላይ እንዲወርድ ይጠይቃል። ይህ በደቂቃ 850 ሊትር ገደማ ነው። ለእሳት አደጋ ሠራተኛው ቱቦ 950 ሊትር ሲጨመርበት 1,800 ይሆናል። ለአንድ ሰዓት ቢባል 108,000 ሊትር። የአውሮፓው ደረጃ አሰላሉ ሌላ ስለሆነ ቁጥሩ ዝቅ ይላል፤ ቢሆንም በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሊትር መሆኑ አይቀርም።

አሁን ጣሪያው ላይ ያለው 10,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ በዚህ ይካፈል። አምስት ደቂቃ ተኩል ይወጣዋል። ያውም ሮቶው ሙሉ ከሆነ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ከተማ ከእንግዶች መታጠቢያ ጋር አንድ ሮቶ የሚጋራ የእሳት ፓምፕ፣ በተፈለገ ጊዜ የሚያገኘው የታጠበ ሰው የተረፈውን ነው። መፍትሔው ቀላልና ርካሽ ነበር፤ የመታጠቢያው ቧንቧ ከታንኩ ከፍ ብሎ እንዲወጣና ከሥር ያለው ውሃ ለእሳት ብቻ እንዲቀር ማድረግ። አንድ የቧንቧ ክርን ይበቃል። ይህን እንኳ ያደረገ ሕንፃ በቁጥር ነው።

ከፍታው የሚወስደው

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ማንም የማያነሳው የከፍታ ጉዳይ ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ከቆላ የመጣ እንግዳ አቀበቱ ላይ ሲያለከልክ ይሳቅበታል፤ ሞተርም እንደዚያው ያለከልካል።

በናፍጣ የሚሠራ የእሳት ፓምፕ ሞተር ከ91 ሜትር ከፍታ በላይ በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ እንዲቀነስለት ዓለም አቀፉ አሠራር ያዛል። ሒሳቡ ለደብረ ታቦር ሲሠራ 26 በመቶ ይመጣል። በሌላ አባባል ሩቡ የለም። በሥራው ላይ 30 ኪሎዋት የሚፈልግ ሰው፣ ካታሎጉ ላይ 40 ኪሎዋት የተጻፈበትን መግዛት አለበት። ቱርቦ ያለው ሞተር የሚያጣው ያነሰ ቢሆንም፣ ስንት እንደሚያጣ የፋብሪካው ወረቀት መናገር አለበት እንጂ የሻጩ ምላስ አይደለም። የኤሌክትሪክ ሞተርም ቢሆን በተለምዶ የሚለካው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ባለ አየር ነው፤ ከዚያ በላይ ማቀዝቀዣው ይደክማል።

ውሃ መሳቡም ይጎዳል። በባሕር ዳርቻ የአየር ግፊት ውሃን እስከ 10.3 ሜትር ሊደግፍ ይችላል፤ በደብረ ታቦር 7.4 ሜትር አካባቢ ያበቃል። ስለዚህ ታንኩን መሬት ውስጥ ቀብሮ ፓምፑን ከላዩ ማስቀመጥ፣ ቦታ ለመቆጠብ ተብሎ በየሕንፃው የሚደረገው ነገር፣ በደጋ ላይ ከሌላው ይልቅ የከፋ ስህተት ነው። ፓምፑ ከውሃው ጎን ወይም ከውሃው በታች ሆኖ ውሃው ራሱ ሊገባለት ይገባል። በጨረታ ሰነድ ላይ «ከፍታ 2,700 ሜትር» የምትል አንዲት መስመር ብትጻፍ ግማሹ አቅራቢ ዋጋውን መልሶ ባሰላ ነበር። አትጻፍም።

የጋፋቶቹ ባለሙያዎች ቢያንስ የሚሠሩበትን ቦታ ያውቁት ነበር።

መጀመሪያ የሚጠፋው መብራት

እሳት ሲነሳ ዘበኛው መጀመሪያ የሚያደርገው ምንድን ነው? ዋናውን ቆጣሪ ማጥፋት። ትክክል ነው፤ ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን ፓምፑ የተያያዘው ከዚያው ማጥፊያ በታች ከሆነ ፓምፑንም አብሮ ገደለው። የእሳት ፓምፕ መስመር ከዋናው ማጥፊያ በፊት ለብቻው መነሳት አለበት፤ ይህ በየትኛውም አገር ደረጃ የታወቀ ነገር ሆኖ ሳለ፣ ኤሌክትሪሺያኑና የቧንቧ ሠራተኛው ተገናኝተው ስላልተነጋገሩ ብቻ ይዘነጋል። ጄኔሬተር አለን የሚሉም ጄኔሬተሩ ፓምፑን ለማስነሳት ይችል እንደሆነ ሞክረው አያውቁም።

ቫልቭም አለ። የአሜሪካው ማኅበር ባወጣቸው ጥናቶች ስፕሪንክለር እያለ ሳይሠራ ከቀረባቸው አጋጣሚዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሲስተሙ ተዘግቶ በመገኘቱ የመጡ ናቸው። በአሜሪካ እንዲህ ከሆነ፣ ቧንቧ ባፈሰሰ ቁጥር ቫልቭ ተዘግቶ ጠጋኝ በሚፈለግበት ቦታ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያስቸግርም። የናፍጣ ፓምፕ በየሳምንቱ ለግማሽ ሰዓት መነሳት እንዳለበት የጥገናው ደረጃ ይናገራል። በየሳምንቱ ቀርቶ በየፋሲካው የሚነሳ ቢገኝም ጥሩ ነው።

ገበያው ምን ይላል?

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድ፣ አዲስ አበባ የእሳት አደጋ መኪና ነበራት። መኪናው ግን በጠባቡ መንገድና በተደረደረው ሸቀጥ መካከል ለመግባት ተቸግሮ ነበር። በደቡብ ጎንደር ከተሞች ተጨማሪ እርዳታ ከባሕር ዳር ይምጣ ቢባል መንገዱ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ሰዓት ሁሉ እሳቱን የሚይዘው ሕንፃው ውስጥ ያለው መሣሪያ ብቻ ነው።

ነጋዴው መልስ አለው፤ መልሱም ባዶ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ዘለቀ። ፓምፑ፣ መቆጣጠሪያ ሳጥኑ፣ የስፕሪንክለር ራሱ ሁሉም ከውጭ የሚመጡ ናቸው። ሙሉው ዋጋ ሲነገረው ባለሀብቱ ይደነግጣል፤ ያን ጊዜ ነው አንድ ደላላ ቀርቦ «እሱን በአሥረኛው ዋጋ እጨርስልሃለሁ» የሚለው። ቀይ ቀለም የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ቧንቧውም ከብረት ወደ ተራ ፕላስቲክ ይለወጣል፤ እሳት መጥቶ እስኪያቀልጠው ድረስ ልዩነቱ አይታይም።

ሙሉው ካልተቻለ ምንም ይቅር ማለት ግን የደላላው ሒሳብ ነው። አንድ የስፕሪንክለር ራስ በደቂቃ የሚፈልገው 75 ሊትር ገደማ ነው። 10,000 ሊትር የማይነካ ውሃ ሁለት ራሶችን ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል። ሕንፃውን ሁሉ ማልበስ ያልቻለ ባለቤት ጨርቁና ፕላስቲኩ የተከማቸበትን ምድርና መጋዘኑን አስቀድሞ ቢያለብስ፣ ደረጃው የሚለውን አላሟላም፤ ከላይ የተኛውን እንግዳ ግን መውጫ ጊዜ ሰጠው። ይህን የመሰለ ደረጃ በደረጃ የሚሄድ ፈቃድ የከተማ ሹማምንት ቢያስቡበት፣ ሙሉ ንድፍ ተቀብለው ባዶ ሳጥን ከማጽደቅ ይሻላል። አሁን ያለው አሠራር በወረቀት ሁሉን ይጠይቃል፤ በተግባር ምንም አያገኝም።

ሌላም አለ። ደብረ ታቦር ኮረብታማ ናት። ውሃ 10 ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር አንድ ባር ግፊት ይሰጣል። ከአንድ ሰፈር ሕንፃዎች ጣሪያ 40 ሜትር ከፍ ብሎ ተዳፋቱ ላይ የተቀመጠ የጋራ የኮንክሪት ታንክ ጣሪያው ድረስ አራት ባር ግፊት ያደርሳል፤ ቧንቧው በቂ ስፋት ካለው ለስፕሪንክለር ይበቃል። ናፍጣ አይጠጣም፣ መብራት ሲጠፋ አይቆምም፣ ከፍታም አያደክመውም። ሲሚንቶው፣ አሸዋውና ጉልበቱ ያገር ውስጥ ነው፤ ዶላር የሚጠይቀው ቫልቩና የስፕሪንክለር ራሱ ነው። አምስት ባለሀብቶች አምስት ቀይ ፓምፕ ከሚገዙ ገንዘባቸውን አዋጥተው አንድ ታንክ ቢሠሩ ይከስራሉ ወይ? ዕድርን ያቆመ ሕዝብ ይህን ለማደራጀት አይቸገርም ነበር። የሚያስቸግረው መሬቱን ማን ይሰጣል፣ ታንኩን ማን ይጠብቃል የሚለው ነው፤ ይህ ደግሞ የማዘጋጃ ቤት ጥያቄ ነው።

የጋፋት ስም በያዘው ተቋም የሚማሩት ወጣት መሐንዲሶች ደግሞ ከከተማው ሕንፃዎች አጠገብ ናቸው። የመጠቀሚያ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት ፓምፑ ተነስቶ፣ የላይኛው ፎቅ ቧንቧ ተከፍቶ፣ የሚወጣው ውሃ በባልዲና በሰዓት ቢለካ ግማሽ ቀን አይፈጅም። የግፊት መለኪያዋ ዋጋ ከአንድ በር እጀታ አይበልጥም። ፓምፑ የሚፈለገውን አንድ ጊዜ ተኩል ውሃ ሲጠየቅ ቢያንስ 65 በመቶ ግፊቱን መያዝ አለበት፤ ካልያዘ ሻጩ መጥቶ ይውሰደው። ክፍያው ከዚህ ልኬት በኋላ እንዲፈጸም የሚል አንቀጽ በውሉ ላይ የሚያስገባ ባለሀብት፣ ሻጩ ስለ ከፍታ ሲጠይቀው ይሰማዋል፤ ያውም ጨረታው ሳይከፈት።