የስንዴው ክርና የፊዚክስ ትምህርታችን



በሮቤና በጎባ ዙሪያ ያለውን የስንዴ ማሳ ብዙ ሰው የእርሻ ተማሪ ጉዳይ ብቻ አድርጎ ያየዋል፤ ፊዚክስም በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚቀር ቀመር ይመስለዋል። እኛ ግን ሁለቱ ሊለያዩ አይገባም እንላለን።

ምክንያታችንን እናስረዳ። በአንዲት የዳቦ ስንዴ ሴል ውስጥ ያለው ዲ.ኤን.ኤ. ተዘርግቶ ቢለካ ከ10 ሜትር በላይ ነው፤ በ42 ክሮሞሶሞች ተከፍሎ የሚያድርበት ኒውክሊየስ ግን ስፋቱ ከሚሊሜትር አንድ መቶኛ ብዙም አይበልጥም። እንዲህ ያለው፣ ጥቃቅን አካላት ተቀጣጥለው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ፖሊመር ይባላል። ሰንሰለቱ ሰፊ ቦታ ሲያገኝ በሙቀት እየተገፋ ቁጥር በሌለው ቅርፅ ይተጣጠፋል። በጠባብ ቦታ ሲታጠር አብዛኞቹ ቅርፆች ይከለከሉበታል፤ ስለዚህም ግድግዳውን ይገፋል። ወደ ቀጭን ቀዳዳ ለማስገባትም ኃይል ያስፈልጋል። ፖል ፍሎሪ እ.ኤ.አ. በ1974 በኬሚስትሪ፣ ፒየር ዢል ደ ዤን በ1991 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት የተሸለሙት የፖሊመርን ጠባይ በመሳሰለው ምርምራቸው ነው።

ይህ ዕውቀት ለገበሬው ምን ይረባዋል የሚል ቢኖር መልስ አለን። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ በአገራችን ስንዴ ላይ ተዛመተ፤ በ2013 ደግሞ የግንድ ዋግ በባሌና በአርሲ ዲጋሉ የተባለውን ዘር አጠፋ። ዋግ ሲነሣ ዝርያውን ቶሎ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ናሙና ውጭ አገር ልኮ ውጤት እስኪመጣ መጠበቅ ግን ወራት ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ2018 በኢትዮጵያ የተሞከረው ማርፕል የተባለው ተንቀሳቃሽ ምርመራ የቢጫ ዋግን ዝርያ በቀናት ውስጥ ይለያል። የፈንገሱ ዲ.ኤን.ኤ. በኤሌክትሪክ እየተሳበ እጅግ በጠበበ ቀዳዳ ያልፋል፤ ፊደሎቹ የኤሌክትሪኩን ፍሰት በየመልካቸው ስለሚለውጡም ይነበባል። እንግዲህ መሣሪያው የሚሠራው በዚያው በሰሌዳው ቀመር ነው።

መሣሪያውን ሌሎች ሠርተው እስኪልኩልን የምንጠብቅ ከሆነ፣ ሲበላሽ የሚጠግነው፣ ለአዲስ በሽታም የሚያሻሽለው ማን ይሆናል? ስለዚህ የፊዚክስና የዕፅዋት ሳይንስ ተማሪዎች ቢያንስ አንድ ሙከራ በጋራ እንዲሠሩ እንጠይቃለን። ወጪው ከባድ አይደለም። ከስንዴ ፍሬ የወጣ ጽንስ በሞቀ ውሃ፣ በፈሳሽ ሳሙናና በጨው ታሽቶ ቀዝቃዛ አልኮል ቀስ ተብሎ ቢፈስበት፣ ዲ.ኤን.ኤው ነጭ ክር ሆኖ በዐይን ይታያል። መምህራኖቻችን ቤተ ሙከራውን ይፍቀዱልን፤ ስንዴውን እኛ እናመጣለን።